አረሩና የወደቀበት ስፍራ፦ በአውሮፓ ጥንታዊ የጦር ሜዳዎች ስለሚደረገው የቅርስ ፍለጋ

የጦርነት ታሪክ ሁለት ምስክሮች አሉት፤ አንዱ ጸሐፊ፣ ሌላው መሬት ነው። ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ የድል አድራጊው ወገን ሰው ነው፤ አለዚያም ነገሩን ከዓመታት በኋላ ከሌላ ሰምቶ የሚጽፍ በመሆኑ ቦታውንና የጦሩን አሰላለፍ በግምት ያስቀምጠዋል። መሬት ግን የወደቀባትን እርሳስ፣ ናስና ብር ይዛ ትቆያለች። ካለፈው ምእተ ዓመት ማብቂያ ወዲህ በአውሮፓ የጦር ሜዳዎች ታሪክ ላይ ብዙ መታረም የታየው ይህን ሁለተኛውን ምስክር ማናገር በመቻሉ ነው። ይሁን እንጂ ምስክሩን የሚያናግረው የብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ በሌላ እጅ ሲገባ፣ ያንኑ ምስክር ለዘለዓለም ዝም ያሰኘዋል። ነገሩ ከዚህ በታች በጥቂት ምሳሌዎች ተብራርቷል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መሣሪያው ከመጀመሪያውም ከአረር ጋር የተያያዘ ነው። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት በቆሰሉ ጊዜ፣ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን አረር ለማግኘት በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፈለጊያ አዘጋጅቶ ሞክሮ ነበር፤ ግን አልተሳካለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዮዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኮንን ወታደር በእጁ ይዞት የሚሄድ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ ይህም በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያው እየቀለለና እየረከሰ ሄዶ በተራው ሰው እጅ ገባ። አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። የሽቦው ጥቅልል የሚፈጥረው መግነጢሳዊ ኃይል በመሬት ውስጥ ያለውን ብረት ሲያገኘው ለውጥ ይደርስበታል፤ ለውጡም በድምፅ ይሰማል። ትንንሽ ነገሮችን የሚያገኘው በአብዛኛው ማረሻ በሚደርስበት ጥልቀት ውስጥ ነው።

የመሣሪያውን ጥቅም ከሚያስረዱት ምሳሌዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የቦዝዎርዝ ጦር ሜዳ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 1485 ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ በዚህ ውጊያ ወድቀው ዘውዱ ወደ ሄንሪ ቱዶር ተላለፈ። ውጊያው የተካሄደው በአምቢየን ኮረብታ ላይ ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲታመን ኖሯል። ከ2005 ጀምሮ በግሌን ፎርድ የተመራ የጥናት ቡድን የቦታ ስሞችን፣ የጥንቱን ረግረግ አፈርና የቆዩ ሰነዶችን መረመረ፤ የእርሻ ማሳዎቹንም በመስመር በመስመር እየከፈለ በመሣሪያው አሰሰ። በ2009 ከኮረብታው በስተ ደቡብ ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከእርሳስ የተሠሩ የመድፍና የጠመንጃ አረሮች ተገኙ፤ ቁጥራቸውም በኋላ ከ30 በላይ ደረሰ። በዚያው አካባቢ፣ በቀድሞው ረግረግ አጠገብ፣ በወርቅ የተለበጠ ትንሽ የብር ከርከሮ ተገኘ። ከርከሮ የሪቻርድ ዓርማ ነበር። ጌጡ በአንድ ሰብሳቢ ሣጥን ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ያማረ ዕቃ ከመባል አያልፍም ነበር፤ የጦር ሜዳውን ከቦታው ያነሣው የተገኘበት ስፍራ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በጀርመን አገር የሚገኘው ካልክሪዘ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ9ኛው ዓመት በቫሩስ የሚመሩ ሦስት የሮማ ሌጌዎኖች በአርሚኒየስ ጦር ተደመሰሱ። በ1885 የታሪክ ሊቁ ቴዎዶር ሞምሰን፣ ከአካባቢው መሬት የወጡትንና አንድ የባላባት ቤተሰብ ያቆያቸውን የሮማ ገንዘቦች መሠረት አድርጎ፣ ውጊያው የተካሄደው በዚያ ነው ሲል ጻፈ። የጦር ዕቃ ባለመገኘቱ ግን ሐሳቡ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ቶኒ ክለን የተባለ የእንግሊዝ የጦር መኮንን የአካባቢውን የአርኪዎሎጂ ኃላፊ ቮልፍጋንግ ሽሉተርን አማክሮና ፈቃድ አግኝቶ ፍለጋ ጀመረ። በመጀመሪያ የብር ገንዘቦችን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሦስት የወንጭፍ እርሳሶችን አገኘ። ገንዘብ ከነጋዴም ኪስ ሊወድቅ ይችላል፤ የወንጭፍ እርሳስ ግን የወታደር ነው። ስለ ቦታው እስከ ዛሬ የሚከራከሩ ምሁራን ቢኖሩም፣ ክርክሩ ራሱ የቆመው ባለሙያውና ፈላጊው በጋራ በመዘገቡት ማስረጃ ላይ ነው።

በዚያው አገር በሃርዝሆርን የደረሰው ግን ሌላውን ገጽታ ያሳያል። በ2000 ያለ ፈቃድ ይፈልጉ የነበሩ ሰዎች በጫካው ውስጥ የብረት ዕቃዎች አገኙ፤ ከእነዚህም አንዱ የሮማውያን የኮቴ ጫማ መሆኑ የታወቀው፣ በ2008 ለባለሙያዎች ከታየ በኋላ ነው። ጥናቱ ሲቀጥል፣ ሮማውያን በ235 አካባቢ፣ ከቫሩስ ሽንፈት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው፣ በጀርመን ምድር ዘልቀው መዋጋታቸው ተረጋገጠ። ይህን የሚያህል የታሪክ ምዕራፍ ስምንት ዓመት ሙሉ በግለሰብ እጅ ተደብቆ ቆየ ማለት ነው። ዕቃው ባይቀርብ ኖሮ ምዕራፉ በማስረጃ ሳይረጋገጥ ሊቀር ይችል ነበር።

የጉዳዩ ክብደት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በጦር ሜዳ ጥናት ባዶ መሬትም ይመሰክራል። በአንድ ማሳ ላይ አረር አለመገኘቱ ውጊያው በዚያ አለመካሄዱን ሊያመለክት ይችላል። ነገር ግን ማሳው አስቀድሞ በድብቅ ተለቅሞ ከሆነ፣ የተዘረፈው መሬት ዝምታና ጦር ያልረገጠው መሬት ዝምታ አንድ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። ዘራፊው የወሰደው አረሮቹን ብቻ ቢመስልም፣ ያጠፋው ግን የሜዳውን ጠቅላላ ቃል ነው።

ሕጎቹ ከአገር አገር ይለያያሉ። ፈረንሳይ በ1989 ባወጣችው ሕግ ታሪካዊ ዕቃ ለመፈለግ መሣሪያውን ያለ ፈቃድ መጠቀምን ከልክላለች። በጀርመን እያንዳንዱ ክፍለ አገር የየራሱ ሕግ አለው። በእንግሊዝ ደግሞ የ1996ቱ ሕግ በወርቅ፣ በብርና መሰል ግኝቶች ላይ ያተኩራል፤ ብቻውን የተገኘ ተራ የእርሳስ አረር በዚህ ሕግ ውድ ሀብት አይባልም። እንግዲህ ሕጉ ብሩን ሲጠብቅ፣ ለታሪክ ሰው ከብሩ ይልቅ የሚናገረው እርሳስ ለፈላጊው ሕሊና ተትቷል።

በቅርቡ ዘመን ጦር ሜዳዎች ላይ ጉዳቱ ከታሪክ አልፎ ከሰው ይደርሳል። በፈረንሳይና በቤልጂየም ማሳዎች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የቀሩ ያልፈነዱ ጥይቶች ዛሬም ይወጣሉ፤ ሰውም ይገድላሉ። በምሥራቅ አውሮፓ ደግሞ የሁለተኛው ጦርነት ሙታን ብዙዎቹ ገና አልተነሡም። የጀርመን ወታደር በአንገቱ ያንጠለጥለው የነበረው የብረት ሰሌዳ ከመካከሉ የሚሰበር ነበር፤ ሲሞት ግማሹ ለማስታወቂያ ይወሰዳል፣ ግማሹ ከአስከሬኑ ጋር ይቀራል። ይህ ግማሽ ሰሌዳ ከአጥንቱ ተለይቶ በገበያ ሲሸጥ፣ ገዢው አንድ ቁራጭ ብረት ያገኛል፤ ሟቹ ግን ስሙን ያጣል፣ ቤተሰቡም መቃብሩን ያጣል።

ስለሆነም መሣሪያውን ማውገዝ ፍርደ ገምድልነት ነው። ቦዝዎርዝም ሆነ ካልክሪዘ ያለ እርሱ ባልተገለጹ ነበር። ሊጠየቅ የሚገባው ግን መሬቱ ከመነካቱ በፊት ፈቃድ እንዲገኝ፣ እያንዳንዱ ግኝት ከነስፍራው በካርታ እንዲሰፍር፣ ምንም ያልተገኘበት ማሳም ባዶ ተብሎ እንዲመዘገብ ነው። ዕቃው ቢዝግ ወይም ቢጠፋ እንኳ ስፍራው የተጻፈለት አረር ለሚመጣው ትውልድ መመስከሩን ይቀጥላል፤ ስፍራው ያልተጻፈለት አረር ግን ከሚመዘን እርሳስ በቀር ሌላ ነገር አይደለም።