እህል አልባ ደረቅ የውሻ ምግብ እና አመዛዘኑ

እህል አልባ ደረቅ የውሻ ምግብ የሚባለው ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ገብስና የመሳሰሉት ሳይገቡበት በአተር፣ በምስር፣ በሽምብራ፣ በድንች ወይም በካሳቫ ተሠርቶ፣ በትንንሽ ፍሬ መልክ ተቆርጦና ደርቆ በከረጢት የሚሸጥ መኖ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ መጀመሪያ ላይ የውድ ዕቃ ነበር፤ ኋላ ግን ርካሾቹ ፋብሪካዎችም ገቡበት። ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው ከውጭ ተገዝቶ ስለሆነ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ይወሰናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ደግሞ «ርካሽ» የሚለው ቃል ራሱ ለዚህ ዕቃ የሚከብድ ሆኗል። ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ማወቅ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሆሳዕና፣ በሀቢቾ፣ በዱራሜና በዙሪያቸው ባለው የእንሰት አገር ግን እህል አልባ የውሻ ምግብ አዲስ ነገር አይደለም። የግቢ ውሻ የሚበላው ቤተሰቡ በልቶ የተረፈውን ነው። የቤተሰቡ ገበታ ላይ ያለው ቆጮ ከሆነ፣ የውሻውም ድርሻ ቆጮ ይሆናል። ስንዴ በሀዲያ ደጋ በብዛት ቢመረትም፣ የሀዲያና የከምባታ ቤት ያለ እንሰት አይታሰብም፤ ውሻውም ሌሊት ጅብ የሚያባርረው፣ ጃርትና የዱር አሳማ ከተክሉ የሚከላከለው በዚያው እንሰት መካከል ነው። ስለዚህ «እህል አልባ» የሚለው ጽሑፍ ምን ያህል ነገር እንደሚናገር፣ ምን ያህሉንም ዝም ብሎ እንደሚያልፈው ለመፈተን ከቆጮ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ቆጮ ከእንሰት ግንድና ሥር ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ የሚብላላ ምግብ ነው። ቡላው ከዚያው ተክል የሚጠለል ነጭ ስታርች ነው። ሁለቱም ኃይል ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን እጅግ ትንሽ ነው። 100 ግራም ቆጮ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን 2 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ውሃው ተወግዶ ቢለካም አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ከመቶ በታች ነው። በአንጻሩ የበቆሎ ዱቄት 9፣ የጤፍና የስንዴ ዱቄት 11 ከመቶ ገደማ ፕሮቲን አላቸው። እህሉ ወጥቶ በቦታው ንጹሕ ስታርች ከገባ የውሻው ድርሻ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም ማለት ነው። የፋብሪካው ከረጢትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ በካሳቫ ወይም በድንች ስታርች የተተካ በቆሎ ፕሮቲን ይዞ ሄዷል፤ የጎደለውን ሥጋ ካልሞላው ሌላ ነገር መሙላት አለበት።

ለመሆኑ ስታርች ለምን ይገባል? ደረቅ የውሻ ምግብ የሚሠራው ሊጡ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት በማሽን እየተጨመቀ ሲወጣ ነው። ፍሬው እንዲነፋና እንዳይፈራርስ የሚያያይዘው የበሰለ ስታርች ነው። ስለዚህ እህል አልባ ደረቅ ምግብ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ስታርች አለበት፤ ምንጩ ብቻ ተቀይሯል። ውሻ ደግሞ ስታርችን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን ተመራማሪዎች መሪነት ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የዘረመል ጥናት፣ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያዘው ዘረመል ውሻ ውስጥ ከተኩላው በብዙ እጥፍ ተባዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ከሰው ጋር ፍርፋሪ ሲካፈል የኖረ እንስሳ መሆኑ በደሙ ተጽፏል። «ውሻ ተኩላ ነው፣ እህል አይስማማውም» የሚለው ማስታወቂያ ይህን አይነግርም።

የአለርጂው ወሬም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ግምገማ ምግብ የማይስማማቸው 297 ውሾችን መዝገብ አሰባስቦ ነበር። ቀዳሚው መንስኤ የበሬ ሥጋ ሆኖ ተገኘ፤ 34 ከመቶ። የወተት ተዋጽኦ 17፣ ዶሮ 15 ከመቶ ሲሆኑ፣ ስንዴ 13 ከመቶ ይዞ የመጣው ከእነርሱ ኋላ ነው።

እህል አልባው ምግብ ትልቁን ጥያቄ ያስነሳው በልብ በኩል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018፣ በዘር ለዚህ በሽታ የማይጋለጡ ውሾች ጭምር የልብ ጡንቻቸው እየሳሳ ልባቸው እየተለጠጠ መሆኑን የሚገልጹ ሪፖርቶች እየደረሱት እንደሆነ አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ዝርዝር እስከ ሚያዝያ 2019 መጨረሻ የደረሱት የውሻ ሪፖርቶች 515 ነበሩ። ከተጠቀሱት ምግቦች ከ90 ከመቶ በላይ እህል አልባ፣ 93 ከመቶው አተር ወይም ምስር ያለባቸው ሆነው ተገኙ። እስከ ኅዳር 2022 መጀመሪያ ሪፖርቱ ወደ 1,382 ከፍ ቢልም መሥሪያ ቤቱ ምግቡ በሽታውን ማምጣቱን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ እንደሌለው ገልጾ፣ አዲስ ሳይንሳዊ ግኝት እስኪመጣ ተጨማሪ መግለጫ እንደማያወጣ አሳወቀ። ቁጥሩ በአሜሪካ ካሉት በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ውሾች አንጻር ጥቂት ነው፤ ሪፖርቱም በፈቃደኝነት የመጣ እንጂ በናሙና የተሰበሰበ አይደለም። ቢሆንም ከእህል መውጣት ይልቅ ጥራጥሬ በብዛት መግባቱ ዋናው ተጠርጣሪ ሆኖ ቆይቷል።

ጥርጣሬው መሠረት አለው። ውሻ ለልቡ የሚያስፈልገውን ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ጉበቱ ውስጥ ራሱ ይሠራል፤ ጥሬ ዕቃው ግን ሜቲዮኒንና ሲስቴይን የተባሉ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው። አተር፣ ምስርና ባቄላ ፕሮቲናቸው ብዙ ቢሆንም በእነዚህ ድሃ ናቸው። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ግን ሀብታም ናቸው። የሆሳዕና ባለቤት ለውሻው ከቆጮ ጋር ሽሮ ቢያፈስለት ፕሮቲኑን ከፍ ያደርግለታል፤ አንድ እንቁላል ቢጨምርበት ግን የጎደለውን ዓይነት ያሟላለታል። ርካሹ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ሽሮውን እንጂ እንቁላሉን አይጨምርም።

ከረጢቱ ጀርባ ያለው «ጥሬ ፕሮቲን» የሚለው ቁጥር ደግሞ ይህን ልዩነት አያሳይም። ቁጥሩ የሚገኘው ዴንማርካዊው ዮሃን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው ዘዴ ናይትሮጅን ተለክቶ በ6.25 ተባዝቶ ነው። ናይትሮጅኑ ከበሬ ጉበት ይምጣ ከአተር፣ መሣሪያው አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2007 የቻይና አቅራቢዎች ፕላስቲክ የሚሠራበትን ሜላሚን በስንዴ ግሉተን ውስጥ ቀላቅለው ቁጥሩን ከፍ ያደረጉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ብዙ ውሾችና ድመቶች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ጣሳና ከረጢትም ከገበያ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ስንዴ የሚለውን ቃል ከመለያው ላይ ማጥፋት ጥሩ ንግድ መሆኑ አያስገርምም።

ቁጥሮቹ ፍጹም ባይሆኑም የሚናገሩት አላቸው፤ ማንም በወረቀትና በእርሳስ ሊያስላቸው ይችላል። ለምሳሌ አንድ ከረጢት ፕሮቲን 24፣ ስብ 12፣ አሰር 4፣ እርጥበት 10 ከመቶ ይላል እንበል። ብዙ ጊዜ የማይጻፈውን አመድ፣ ማለትም ማዕድኑን፣ 8 ብለን ብንገምት፣ ከመቶ የሚተርፈው 42 ካርቦሃይድሬት ነው። እህል አልባ የሚለው ከረጢት ግማሽ ያህሉ ስታርች ሆኖ መገኘቱ ብዙ ገዢ የማይጠብቀው ነው። ከዚያ እርጥበቱ ይወጣል፦ 24 ለ90 ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ ፕሮቲኑ በደረቅ ክብደት 26.7 ከመቶ ይሆናል። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር፣ በአጭሩ አፍኮ፣ ለአዋቂ ውሻ ዝቅተኛው ፕሮቲን 18፣ ለቡችላና ለምታጠባ ውሻ 22.5 ከመቶ፣ ስቡም 5.5 እና 8.5 ከመቶ እንዲሆን ይጠይቃል። የምሳሌው ከረጢት ያልፋል። በደረቅ ክብደት 5 ከመቶ እንኳ የማይሞላው ቆጮ ግን ብቻውን አያልፍም።

ኃይሉም በዚያው ይሰላል። ለፕሮቲንና ለካርቦሃይድሬት በግራም 3.5፣ ለስብ 8.5 ኪሎ ካሎሪ ተይዞ የምሳሌው ምግብ በ100 ግራም 333 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ርካሹን ከውዱ የሚለየው ሂሳብም ይኸው ነው። በኪሎ 500 ብር የሚሸጥ 3,300 ኪሎ ካሎሪ ያለው ምግብና በኪሎ 600 ብር የሚሸጥ 4,000 ኪሎ ካሎሪ ያለው ምግብ አሉ እንበል። ለአንድ ሺህ ኪሎ ካሎሪ የመጀመሪያው ከ151 ብር በላይ፣ ሁለተኛው 150 ብር ይጠይቃል። ርካሽ የመሰለው ውሻውን ለማጥገብ ብዙ ስለሚፈስለት ቶሎ ያልቃል።

የይዘቱ ዝርዝር የሚጻፈው ከመብሰሉ በፊት በነበረው ክብደት ቅደም ተከተል ነው። «ትኩስ የዶሮ ሥጋ» መጀመሪያ ላይ ቢጻፍ ሰባ ከመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ሲደርቅ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃው ቀድሞ የወጣለት የሥጋ ዱቄት ስሙ ባያምርም ብዙ ጊዜ የበለጠ ፕሮቲን ያስገባል። ሌላው ብልሃት አተሩን መከፋፈል ነው፦ አተር፣ የአተር ፕሮቲን፣ የአተር አሰር፣ የአተር ስታርች እያሉ በተለያየ ስም ሲጽፉት እያንዳንዱ ከሥጋው በታች ይሰለፋል፤ ቢደመሩ ግን ሥጋውን በልጠው ቁንጮ ላይ ይወጣሉ።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች አብዛኛው ውሻ ከረጢት ስለማያይ፣ ለከረጢቱ የሚሠራው ሚዛን ለድስቱም ይሠራል። በመስከረም፣ ሀዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን ሲያከብር ቅርጫ ይታረዳል፤ ውሻም የዓመቱን ሥጋ ያገኛል። ጉበት፣ ሳንባ፣ ጣፊያና ጨጓራ የቆጮን ጉድለት በደንብ የሚሞሉ ርካሽ ፕሮቲኖች ናቸው። ግን ጥሬውን መወርወር አደጋ አለው። የከብትና የበግ ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ እጢ ኢኪኖኮከስ የተባለ የትንሽ ትል ቤት ነው፤ ውሻ ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድር ወጥቶ ወደ ከብትም ወደ ሰውም ይመለሳል። ማፍላት ይገድለዋል። ከወጥ የተረፈውም ሳይታሰብ አይፈስም፦ በውሻ ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም የሚደርስ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሱን ይጎዳል፤ 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 225 ግራም ሽንኩርት ብዙ ነው ለማለት የዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ይቸገራል። ሥጋ ብቻ ማብላትም አያዋጣም፤ ሥጋ ፎስፎረስ ቢኖረውም ካልሲየሙ እጅግ ትንሽ ነው፣ ለውሻ ግን ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፎረሱ እኩል ወይም እስከ እጥፉ መሆን አለበት። የሚያድግ ቡችላ አጥንቱ የሚጣመመው እዚህ ላይ ነው።

እህል ከወጣ ሻጋታ ይቀራል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ከሻጋታ የሚመነጨው አፍላቶክሲን በቆሎን እንደሚበክል የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻና በ2021 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ስፖርትሚክስ በተባለ ርካሽ ደረቅ ምግብ ምክንያት ከመቶ በላይ ውሾች መሞታቸው ተመዝግቧል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ስሙ የተነሣው የእህል ዘመድ ባልሆነው በኑግ ፋጉሎ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት የተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች በሙሉ የዚህ መርዝ ቅሪት የተገኘባቸው ሲሆን፣ ዋናው ምንጭ ላሞቹ የበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ለውሻ ፕሮቲን እጨምራለሁ ብሎ ርጥብ ፋጉሎ ወይም የቆየ የኦቾሎኒ ተረፈ ምርት የሚቀላቅል ሰው፣ ጉበቱ ለዚህ መርዝ በጣም ደካማ የሆነ እንስሳ እያበላ ነው።

በኢትዮጵያ የመኖ ቁጥጥር በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 728 የተደነገገ ሲሆን፣ ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ይገኛል። ቁጥጥሩ በተግባር ያተኮረው ለዶሮና ለከብት በሚሆነው መኖ ላይ ነው፤ ያም ሰው የሚመገበው ወተትና ሥጋ የሚመጣበት መንገድ ስለሆነ የሚያስወቅስ አይደለም። ለውሻ ከረጢት የሚቀረው መለያው ላይ ያለው ቃል ነው። እዚያ ላይ ከ«እህል አልባ» ይልቅ የሚፈለገው፣ ምግቡ «የተሟላና የተመጣጠነ» መሆኑንና ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀመሩ መስፈርቱን እንዲያሟላ በሂሳብ ተሠርቷል ይላል፤ ሌላው በውሾች ላይ ተሞክሯል ይላል። የአፍኮ የአዋቂ ውሻ ሙከራ ቢያንስ 8 ውሾች ለ26 ሳምንታት ያንኑ ምግብ ብቻ እንዲበሉ ይጠይቃል፤ በመጨረሻው የሚለኩት ክብደታቸውና አራት የደም መለኪያዎች ሲሆኑ፣ የልብ ምርመራ ከእነዚህ ውስጥ የለም።