የቁርኣን ንባባትና የሐዲስ ጉዳይ በካይሮ ሊቃውንት ክርክር

«ቁርኣን የተለያየ ንባብ አለው» የሚለውን ነገር እንደ ተሸሸገ ምሥጢር ይዞ ለክርክር መነሣት በእኛ ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ነው። እኔም በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ ይህንኑ ባነሣ፥ በአንድ ዶርም አብሮኝ የሚኖር ሙስሊም ወንድም ሁለቱን ንባብ በቃሉ አሰምቶኝ አፈርሁ።

ነገሩ ከሊቃውንታቸው የተሰወረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ936 የሞተው የባግዳዱ ኢብን ሙጃሂድ ሰባት ንባባትን በመጽሐፍ ሰብስቧል፤ በኋላም ሦስት ተጨምረው ዐሥር ሆነዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ፥ በአል ፋቲሓ፥ ያለችውን አንዲት ቃል ተመልከቱ። ዛሬ በብዙ አገር የሚታተመው የሐፍስ ንባብ «ማሊክ» ይላል፤ የፍርድ ቀን ባለቤት ማለት ነው። በሞሮኮና በአልጄሪያ የሚነበበው የዋርሽ ንባብ ግን አሳጥሮ «መሊክ» ይላል፤ የፍርድ ቀን ንጉሥ ማለት ነው። (ግእዝ የተማረ ሰው «አምላክ» የወጣበትን ሥር እዚህ ያገኛል።) የሱኒ ሊቃውንት ሁለቱንም ይቀበላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1924 በካይሮ፥ በንጉሥ ፉአድ ዘመን፥ የግብፅ ሊቃውንት የሐፍስን ንባብ ተከትለው አንድ ኅትመት አወጡ። ኅትመቱ እጅግ ስለ ተሠራጨ፥ ሌላው ንባብ ለብዙዎች እንግዳ የሆነው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

እውነተኛው ክርክር ግን ንባባቱ ከወዴት መጡ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ዓይነ ስውሩ የግብፅ ሊቅ ጣሃ ሑሴን ከእስልምና በፊት ስለ ነበረው የዐረብ ግጥም በጻፈው መጽሐፍ፥ ሰባቱ ንባባት ከነገዶች የአነጋገር ልዩነት የተነሡ እንጂ ከራእይ የመጡ አይደሉም አለ። ለብዙዎች ይህ የእምነትን መሠረት የሚነካ ነበር። የአል አዝሃር ሰዎች ከሰሱት፤ ከቀረቡበት አራት ነጥቦችም አንዱ ይኸው ነበር። ዐቃቤ ሕጉ መሐመድ ኑር መጽሐፉን በዝርዝር መረመረ፤ ብዙውንም ነቀፈ። ነገር ግን ጸሐፊው ለምርምር እንጂ ሃይማኖትን ለመድፈር እንዳልጻፈ ተረድቶ በ1927 መዝገቡን ዘጋ።

የሐዲሱ ክርክር ከዚህ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1906 ሐኪሙ መሐመድ ተውፊቅ ሲድቂ «አል መናር» በተባለው መጽሔት፥ እስልምና ቁርኣን ብቻ ነው ብሎ ጻፈ፤ ብዙ መልስም ተጻፈበት። በ1958 ደግሞ ማሕሙድ አቡ ረያ የአቡ ሁረይራን ዘገባዎች አጥብቆ ነቀፈ፤ የቀደሙት መርማሪዎች የዘጋቢዎችን ሰንሰለት ሲመዝኑ የቃሉን ይዘት ቸል ብለዋል ባይ ነበር። የሶርያው ሙስጠፋ ሲባዒ መለሰለት፤ ሊቃውንቱ ሁለቱንም ይመረምሩ እንደ ነበር ከራሳቸው መጻሕፍት እየጠቀሰ ተከራከረ።