ከጭነት በኋላ የሚመጣ ንዝረት፦ የካርዳን ዘንግና የምርመራው ታሪክ

ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ በፒክ አፕ መኪና ሥር ካሉት ክፍሎች ሁሉ ጭነት ቶሎ ከሚያውካቸው አንዱ ነው። ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ረጅም መንገድ የሄደ መኪና ወለሉና ወንበሩ መንዘር ሲጀምር፣ የመካኒኩ ጥርጣሬ ቀድሞ የሚያርፈው በዚህ ዘንግና በሁለት ጫፎቹ ባሉት መስቀል መሰል መጋጠሚያዎች (ክሮቸራዎች) ላይ ነው። የጥርጣሬው ምክንያት ደግሞ ከአውቶሞቢል በፊት፣ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የታወቀ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘንጉ ስሙን ያገኘው ከጣሊያናዊው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ከጂሮላሞ ካርዳኖ (1501–1576) ነው። ስሙ ግን ከድርሻው ይበልጣል። ካርዳኖ የጻፈው በቀለበት ውስጥ ቀለበት ሆኖ የተሠራ፣ ከሥሩ ያለው ነገር ቢናወጥም የተሸከመውን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዝ ማንጠልጠያ ነበር። ያንኑ ሐሳብ መስቀል መሰል መጋጠሚያ አድርጎ ለሚሽከረከር ዘንግ ማዋሉ የመጣው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1664 ጀርመናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ጋስፓር ሾት መጋጠሚያውን በመጽሐፉ ሲገልጽ፣ አንደኛው ዘንግ በእኩል ፍጥነት ከዞረ ሁለተኛውም በእኩል ፍጥነት ይዞራል ብሎ አሰበ። ተሳስቷል። ስሕተቱን ያረመው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው፤ መሣሪያውንም በ1676 ባሳተመው ጽሑፍ ለሕዝብ አቀረበው።

ሁክን የሳበው ነገር ዛሬ መካኒክ የሚማረርበት ጠባይ ራሱ ነበር። ፀሐይ ሰማይ ላይ እኩል እየተጓዘች በጠፍጣፋ የፀሐይ ሰዓት ላይ ያለው ጥላ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ሁክ በማዕዘን የታጠፈ መጋጠሚያም ልክ እንደዚያው እንደሚፈጥንና እንደሚዘገይ ስላየ፣ የጥላውን አካሄድ በማሽን ለመከተል ተጠቀመበት። ኋላም ሁለት መጋጠሚያዎች በአንድ መካከለኛ ዘንግ ጫፎች ላይ በተገቢው አቀማመጥ ከተገጠሙ አንዱ ያዛባውን ሌላው እንደሚያቃና አመለከተ። ዛሬ በየጭነት መኪናው ሥር ያለው አሠራር ይኸው ነው። ፈረንሳዊው ዣን ቪክቶር ፖንስሌ በ1824 ነገሩን በሉል ሒሳብ አረጋገጠ።

መዛባቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ክሮቸራው በ3 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ የሚነዳው ዘንግ ፍጥነት ከአማካዩ በ0.14 በመቶ ገደማ ይወጣል ይወርዳል፤ ማንም አይሰማውም። በ10 ዲግሪ ወደ 1.5 በመቶ፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ ወደ 6 በመቶ ይደርሳል። ይህ መፍጠንና መዘግየት በእያንዳንዱ የዘንግ ዙር ሁለት ጊዜ ይከሰታል። በዚህ የተነሣ የሚመጣው የመጠምዘዝ ድንጋጤ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ምንም ያልነበረ ነገር በ100 ኪሎ ሜትር ወለሉን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ በሰንሰለት ወይም በቀበቶ ይነዱ ስለነበር ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ለውጡ የመጣው በ1898 መጨረሻ ነው፤ ሉዊ ሬኖ በቢያንኩር በሠራት ትንሽ መኪና ውስጥ ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማዎች በዘንግ አስተላለፈ፣ በገና ዋዜማም የፓሪስን ቀጥ ያለ የሌፒክ ጎዳና ዳገት ወጣባት። አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር በበኩሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረውን የክሮቸራ ሥራ በ1903 የፈጠራ መብት አስወጣበት፣ በ1904 ደግሞ በኒው ጀርሲ ማምረት ጀመረ። ሰንሰለት በአቧራና በጭቃ እየተበላ ይጮህ ነበር። የስፓይሰር መጋጠሚያ ግን ግራሶ የሚይዝና የተሸፈነ ስለነበር ዕድሜ ነበረው። የከባድ ጭነት ሰዎች ቶሎ አላመኑም። በ1916 የወጣው የማክ ኤሲ ጭነት መኪና እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሰንሰለቱን ይዞ ተመረተ። ሞኝነት አልነበረም፤ በሰንሰለት በሚነዳ መኪና ዲፈረንሻሉ ሻንሲው ላይ ስለሚታሰር ባሌስትራው በጭነት ቢረግብም የዘንግ ማዕዘን የሚባል ጣጣ የለም።

ለፒክ አፕ ታሪክ ወሳኙ መኪና በ1908 የወጣው ፎርድ ሞዴል ቲ ነው። ዘንጉ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ፣ አንድ ክሮቸራ ብቻ ከካምቢዮው በስተኋላ ነበረው። ቱቦው ከኋላ አክሱ ጋር አንድ አካል ስለሆነ፣ ጭነት ሲጫን ዘንጉና በዲፈረንሻሉ ውስጥ ኃይሉን የሚቀበለው ጥርስ (ፒኞኑ) አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን አይለወጥም። አንድ ክሮቸራ ብቻውን የፈጠረውን መዛባት የሚያቃናለት ባይኖርም፣ በዚያ ዘመን ፍጥነት ብዙም አይታወቅም ነበር። በ1917 አንድ ቶን የሚጭነው ሞዴል ቲ ቲ፣ በ1925 ደግሞ ፋብሪካው ራሱ የጭነት ሳጥን ገጥሞ በ281 ዶላር የሸጠው ሞዴል ቲ ፒክ አፕ ተከተሉ።

ቱቦው ከባድና ውድ ነበር፤ ክሮቸራ ለመቀየር ግማሽ መኪና መፍታት ይጠይቃል። ስለዚህ ከሆችኪስ ኩባንያ ስሙን የወሰደው ሌላው ዘዴ ቀስ በቀስ አሸነፈ። በዚህ ዘዴ ዘንጉ ክፍት ነው፣ ክሮቸራው በሁለቱም ጫፍ አለ፣ አክሱ በሞተሩ ጉልበት እንዳይገለበጥ የሚይዘውም ባሌስትራው ራሱ ነው። ፎርድ በቤት መኪኖቹ ላይ ቱቦውን የተወው በ1949 ነው። ርካሽነቱና ለጥገና መመቸቱ ግልጽ ነበር፣ ዋጋው ግን በንዝረት ተከፈለ። አሁን ባሌስትራው ሦስት ሥራ አለው፤ ጭነት ይሸከማል፣ አክሱን በቦታው ያቆማል፣ የመጠምዘዝ ጉልበትም ይቋቋማል። ከባድ ጭነት ሲወርድበት ይረግባል፣ አክሱ ወደ ሻንሲው ይጠጋል፣ የዘንጉም ማዕዘን ይቀየራል። ሹፌሩ ቤንዚን ሲሰጥ ደግሞ አክሱ በባሌስትራው ላይ ይጠማዘዝና የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል። ሁክ ያመለከተው መቃናት የሚሠራው የፊትና የኋላ ማዕዘኖች እኩል ሲሆኑ ብቻ ስለሆነ፣ ሚዛኑ በዚህ ጊዜ ይፈርሳል።

ሌላው የንዝረት ምንጭ የተጠናው በፋብሪካ ዘንጎች ላይ ነው። ቀጥ ያለ ብረት እንኳ በጣም ሲፈጥን መሐሉ ላይ መጉበጥ ይጀምራል። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ራንኪን በ1869 ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ ከአንድ ፍጥነት በላይ ዘንግ ማዞር አይቻልም አለ። ስዊድናዊው ጉስታፍ ዴ ላቫል ግን በእንፋሎት ተርባይኑ ላይ ቀጭን ዘንግ ከዚያ ወሰን በላይ አሻግሮ አዞረ፣ ሄንሪ ጄፍኮት ደግሞ በ1919 ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። ለመኪና ግን ወሰኑን መሻገር መፍትሔ አይደለም፤ መኪና በየደቂቃው ፍጥነቱን ስለሚቀያይር በወሰኑ ላይ ተመላልሶ ያልፋል። ወሰኑ ከዘንጉ ርዝመት ካሬ ጋር እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ፒክ አፖች ሲረዝሙ ፋብሪካዎች ዘንጉን ለሁለት ከፍለው መሐሉን በኩሽኔታና በላስቲክ ከሻንሲው ጋር ያዙት። ሦስተኛ ክሮቸራ ተጨመረ፤ የሚመረመር ነገርም በዚያው ልክ በዛ። ዛሬ ከጭነት በኋላ መኪናው ሲነሣ ብቻ ከሚያንቀጠቅጡት ነገሮች አንዱ የዚያ የመሐል ኩሽኔታ ላስቲክ መቀደድ ነው።

የምርመራው ጥበብ ያደገው በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ ነው። መካኒኩ መኪናውን ያስነዳና በየትኛው ፍጥነት እንደሚነዝር ያያል፤ በዚያው ፍጥነት ማርሽ ይቀይራል ወይም ፍሪሲዮን ይረግጣል። ንዝረቱ ከሞተሩ ዙር ጋር ከተለወጠ ጥፋቱ ከፊት ነው፤ የመንገዱን ፍጥነት ብቻ ከተከተለ ከካምቢዮ በኋላ ነው። መሪው ከተርገፈገፈ የፊት ጎማ ወይም ቸርኬ ይጠረጠራል፣ መቀመጫው ከነዘረ ግን የኋላው ወገን። ቤንዚን ሲሰጥ የሚመጣ ንዝረት ወደ ማዕዘንና ወደ ክሮቸራ ይጠቁማል፤ ቤንዚን ሲለቀቅ ብቻ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፒኞን ኩሽኔታ መላላት ነው። ይህ ሁሉ ዛሬም አልተሻረም።

ቀጥሎ የመጣው ጠመኔ ነበር። የኋላ ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው ዘንጉ ሲዞር፣ ጠመኔ ቀስ ተብሎ ይጠጋለታል፤ ዘንጉ ወደ ውጭ የሚወጣበት ጎን ጠመኔውን ነክቶ ምልክት ይይዛል። በዚያ ትይዩ የቱቦ ማሰሪያ የብረት ቀለበት ይታሰርና ጠባዩን እያዩ ያንቀሳቅሱታል። ዘዴው ሸካራ ነው፣ ከሚዞር ብረት አጠገብ መተኛትም ለጤና የሚመከር አይደለም፤ ሆኖም ብዙ ዘንግ አስተካክሏል። ማመዛዘኛ ማሽኖች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ በሼንክ ፋብሪካ ሲስፋፉ፣ ዘንግ ተፈትቶ በማሽን ላይ መመዘን ተቻለ። በ1930ዎቹ ሃሮልድ ኤጀርተን ያስፋፋው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሚዞረውን ዘንግ የቆመ አስመስሎ ስለሚያሳይ፣ ከባዱን ጎን ሳይነኩት ማወቅ ተቻለ።

ትልቁ እርምጃ ግን ንዝረቱን በሰከንድ መቁጠር ነው። ለዚህ መጀመሪያ ያገለገሉት የተለያየ ርዝመት ያላቸው ቀጫጭን የብረት ምላሶች ነበሩ፤ ከንዝረቱ ጋር የሚስማማው ምላስ ብቻ ይርገበገባል። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ አሥር ዓመታት ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ተተካ። ቁጥሩ ለምን እንደሚጠቅም በምሳሌ ይታያል። ጎማው 75 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለውና የዲፈረንሻል ምጣኔው 4.1 የሆነ ፒክ አፕ በ100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ጎማው በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ፣ ዘንጉ 48 ጊዜ ገደማ ይዞራል። መለኪያው 12 ካሳየ ጎማ፣ 48 ካሳየ ያልተመዘነ ወይም የጎበጠ ዘንግ ነው። 96 ካሳየ ደግሞ በዙር ሁለት ጊዜ የሚመጣው የክሮቸራ ማዕዘን ነው። አዲስ ጎማ ከማስገዛት በፊት ይህን መቁጠር የስንት ባለመኪናን ገንዘብ ባተረፈ!

ከጭነት በኋላ ያለው ምርመራ የራሱ ወጥመድ አለው። ማዕዘን በውኃ ልክ ወይም በዲጂታል መለኪያ ሲለካ፣ መኪናው ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ጋራዥ ይቆማል፤ ጥፋቱ የሚታየው ደግሞ ተጭኖ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ መካኒክ በሁለቱም ሁኔታ ይለካል። ክሮቸራውን ሲፈታም የሚያየው አለ፤ ከባድ ጉልበት የተሸከመ መስቀል በክንዶቹ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ይወጡበታል። ውስጡ ያሉት የመርፌ ኩሽኔታዎች ሙሉ ዙር ሳይዞሩ አንድ ቦታ ላይ ወዲያ ወዲህ ስለሚሉ ቦታቸውን ይቦረቡራሉ። እንዲያውም ማዕዘኑ ፍጹም ዜሮ ከሆነ መርፌዎቹ ጨርሶ ስለማይንቀሳቀሱ ይባስ ይጎዳሉ፣ ለዚህም ትንሽ ማዕዘን ሆን ተብሎ ይተዋል። ዘንጉ ሲፈታ የሚንሸራተተው ጥርስ ላይ ምልክት ሳይደረግ ቀርቶ ክሮቸራዎቹን የሚይዙት ሹካዎች ተዛንፈው ከተገጠሙ ደግሞ ሁለቱ ክሮቸራዎች አንዱ የሌላውን መዛባት ማቃናት ትተው ያባብሱታል፤ ጥገናው ራሱ ንዝረት ይወልዳል።

በኢትዮጵያ ጋራዦች የዚህ ታሪክ አንድ መልክ ይታያል። ጣሊያኖች በ1936–1941 ባስገቧቸው ጭነት መኪኖች ላይ የተቀሰመው ሙያ፣ ከ1968 ጀምሮ በተመረተው ቶዮታ ሃይሉክስና በመሰሎቹ ላይ ቀጥሏል። ብዙ ጭነት ለመሸከም ባሌስትራ ማስጨመር የተለመደ ነው። የተጨመረው ባሌስትራ ባዶውን መኪና ከፍ ስለሚያደርገው የኋላው ማዕዘን ይሰፋል፤ ንዝረቱ ሲጫን ጠፍቶ ሲራገፍ ይመጣል። ብዙ ባለመኪና ይህን ተገልብጦ ሲያይ ግራ ይገባዋል። መፍትሔው በባሌስትራውና በአክሱ መካከል ሽብልቅ ብረት አስገብቶ የፒኞኑን አቅጣጫ መመለስ ነው።

በ2022 ለደንበኞች መድረስ የጀመረው ኤሌክትሪኩ ፎርድ ኤፍ 150 ላይትኒንግ በፊትና በኋላ ሞተር ስላለው ረጅሙ ዘንግ የለውም። ከሞተር ወደ ጎማ የሚሄዱት አጫጭር ዘንጎች ግን በብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መኪኖች አልቀሩም፤ በውስጠኛው ጫፋቸው ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ክንድ መጋጠሚያ ይገጠማል። መጋጠሚያው ሲያረጅና በጭነት ማዕዘኑ ሲሰፋ፣ መኪናው ሲነሣ የሚሰማው መንቀጥቀጥ በዙር ሁለት ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ይቆጠራል።