ሰንደቅ ዓላማ ከጀውሃ ሲታይ

ማለዳ ፊሽካ ሲነፋ መንገደኛው ባለበት ቀጥ ይላል። ባርኔጣ ያጠለቀ ያወልቃል፤ ሸክም ያለበትም ከነሸክሙ ይቆማል፤ ጨርቁ ጫፍ እስኪደርስ ማንም ንቅንቅ አይልም። የአገራችን ልጅ ሰንደቅ ዓላማን መጀመሪያ የሚያውቀው በዚህ ጸጥታ ነው። የቀለሞቹን ትርጉም የሚሸመድደው ዘግይቶ ነው፤ በእኔ እምነት ዋናው ትምህርት ግን የቀደመው፣ አብሮ መቆሙ ነው።

የምሁራኑ ክርክር ያተኮረው ጨርቁ መሃል ላይ ባለው ምልክት ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከ1890 ጀምሮ ሲውለበለብ፣ ዘውድ የደፋው አንበሳ ከንጉሡ ሥርዓት ጋር ወረደ። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ የሚያንጸባርቅ ዓርማ እንዲኖር ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ደግሞ ዓርማ የሌለውን መጠቀም ከለከለ። የዛሬ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ግቢ ያየው የኮከብ ዓርማ ያለበትን ነው፤ በጥምቀትና በዓድዋ በዓል አደባባይ ግን ልሙጡን ያያል። ጠቡን ወረሰው እንጂ አልጀመረውም።

ጀውሃ ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ከሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለችው ይህች ከተማ የሰሜን ሸዋና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚጎራበቱበት አካባቢ ናት። በይፋት ቆላ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ አፋሩም ሩቅ አይደለም። አጣዬ በ2013 ስትወድም፣ በጥር 2015 ደግሞ ጀውሃና ሰንበቴ በተኩስ ሲናጡ፣ የአማራውም የኦሮሞውም ልጅ የሚሸሸው በአንድ ባንዲራ ሥር ነበር። ከቤቱ የተፈናቀለ የ15 ዓመት ልጅ ስለ ዓርማው አይጠይቅም። የሚጠይቀው ያንን ጨርቅ የሰቀለው መንግሥት ለምን አልደረሰልኝም ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ አገር አለመውደድ አድርጎ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከባንዲራው ምንም የማይጠብቅ ልጅ አይጠይቅምና።

የሰንደቅ ዓላማ ቀን በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ይከበራል። የይፋት መምህራን ሆይ፣ በዚያን ዕለት የቀለሞቹን ትርጉም አስብላችሁ ብቻ ልጆቹን አትበትኑ። ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ በአማርኛም በኦሮምኛም የደረሰባቸውን ይናገሩ፤ እናንተም ቆማችሁ ስሟቸው።