ወላጅና ልጅ በጽኑ ሕመም ወቅት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዚህ ጽሑፍ ጽኑ ሕመም የምንለው ሐኪሞች የሚያድን ሕክምና እንዳላገኙለት የተናገሩለትን፣ ታማሚውም ወደ ዕረፍቱ እየቀረበ መሆኑ የታወቀበትን ደዌ ነው። እግዚአብሔር ሐኪም ተስፋ የቆረጠበትን ሊፈውስ እንደሚችል እናምናለን። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ከተቃረበ በኋላ 15 ዓመት ተጨምሮለታልና (2ነገ.20፥1-6)። ይሁን እንጂ ሕዝቅያስ እያለቀሰ የጸለየው ነቢዩ ኢሳይያስ የሕመሙን ነገር በግልጥ ከነገረው በኋላ እንደ ነበር ልብ ልንል ይገባል።

የያዕቆብና የዮሴፍ አብነት

ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ የሚያርፍበት ጊዜ ሲቀርብ ዮሴፍን አስጠርቶ በአባቶቹ መቃብር እንዲቀብረው አስማለው (ዘፍ.47፥28-31)። ዮሴፍም የአባቱን መታመም በሰማ ጊዜ ሹመቱ ሳያግደው ምናሴንና ኤፍሬምን ይዞ ሄደ። ያዕቆብም ተበረታትቶ በአልጋው ላይ ተቀመጠ (ዘፍ.48፥1-2)። ከዚያም ልጆቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ ጥፋታቸውንም ሳይሸሽግ፣ ለእያንዳንዳቸው በረከት ሰጣቸው (ዘፍ.49፥1-28)። አባት ሞቱን ስላወቀ ባረከ፤ ልጅም በጊዜ ስለ ደረሰ ተባረከ።

ሕመምን መሰወር

በአገራችን ብዙ ልጆች ወላጆቻቸው እንዳይደነግጡ በማለት የምርመራውን ውጤት ይሰውራሉ። ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን ታማሚው የሰውነቱን መድከም ያውቃል፤ የልጆቹንም ፊት ያነብባል። ሁሉም እያወቀ ሁሉም ዝም ሲል፣ ንስሐ የሚገባበት፣ ከተጣላው የሚታረቅበት፣ ዕዳውን የሚናገርበትና ልጆቹን የሚመርቅበት ጊዜ ያልፋል።

በአሜሪካም ሆነ በዓረብ አገሮች ለሚኖር ልጅ ደግሞ፣ በባዕድ አገር እንዳይጨነቅ ተብሎ የአባቱ ሕመም ይሸሸገውና መርዶው ብቻ ይደርሰዋል። በስልክም ቢሆን ይቅርታ የሚጠይቅበትና ምርቃት የሚቀበልበት ዕድል ያመልጠዋል።

ስለዚህ ታማሚው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ በትሕትና እየጠየቁ፣ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክረው ቀስ በቀስ ማስረዳት ይገባል። ማወቅ የማይሻውን ማስገደድ አይገባም፤ የሚጠይቀውን ግን መዋሸት ተገቢ አይደለም።

ካህን የሚጠራው መቼ ነው?

አንዳንድ ቤተሰብ ካህን ወደ ቤት ከመጣ ታማሚው ሞቱ እንደ ደረሰ ይሰማዋል ብሎ ይፈራል። ካህኑም የሚጠራው ታማሚው መናገር ካቃተው በኋላ ይሆናል። ምሥጢረ ቀንዲል ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሲሆን የሞት ማስታወቂያ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ እንዳስተማረው ካህናት ለድውዩ ጸልየው በዘይት የሚቀቡት ለፈውስና ለኃጢአት ሥርየት ነው (ያዕ.5፥14-15)። ንስሐና ቅዱስ ቁርባንም ታማሚው አንደበቱና ልቡናው ሳይደክም ሊፈጸሙለት ይገባል።

ማስታመምና ሕክምና

መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን ያስተምራል (ሲራክ 38፥1-4)። ጠበል የሚጠመቅ ታማሚ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቋርጥ ልጆቹ ሊገፋፉት አይገባም። ሞርፊንን የመሰሉ ማስታገሻዎችን በሐኪም ትእዛዝ መስጠትም ሥቃይን ማቅለል እንጂ ዕድሜን ማሳጠር አይደለም። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይህን የመሰለውን የማስታገሻ ሕክምና በታማሚዎች ቤት እየተገኘ ይሰጣል።

ብዙ ጊዜ የማስታመሙ ሸክም በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ሌሎቹ ገንዘብ በመላክ፣ አንዳንዱም አገልግሎት አለብኝ በማለት ይርቃሉ። ጌታችን ለእግዚአብሔር መባ ሰጥተናል እያሉ ወላጆቻቸውን ከመርዳት የሚሸሹትን እንደ ገሠጸ እናስተውል (ማቴ.15፥3-6)። ወላጅ አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጅ ሊታገሠው ይገባል (ሲራክ 3፥12-13)።

ልጅ ታሞ ወላጅ ሲያስታምም

ያደገ ልጅ ታሞ ወላጅ ሲያስታምም ኀዘኑ ይከብዳል። ጌታችን የናይንን መበለት በእንባዋ አልነቀፋትም፤ አዘነላት እንጂ (ሉቃ.7፥11-15)። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ቢደክምም ሙሉ ሰው ነው፤ በሕክምናው፣ በትዳሩና በልጆቹ ጉዳይ ቃሉ ሊሰማ ይገባል። የሚያስጨንቀውም ብዙ ጊዜ ከእርሱ በኋላ እናንተን ማን ይጦራል የሚለው ነው። መድኃኔ ዓለም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል (ዮሐ.19፥25-27)። ወንድሞችና እኅቶች ይህን አደራ በቃላቸው ተቀብለው ታማሚውን ሊያሳርፉት ይገባል።

ኑዛዜና ዕርቅ

የንብረት ጉዳይ በጊዜው ካልተነገረ ከቀብር በኋላ ወንድማማቾችን ይለያያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛነት በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዝዛል። ይህን መፈጸም የወላጅን ሞት መመኘት አይደለም። ወላጅም በልጁ ላይ የያዘው ቂም ቢኖር ይቅር ይበል፤ ልጅም ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ።

ሳይታረቁ ወላጅ ያረፈባቸው ልጆችም ተስፋ አይቁረጡ። ንስሐ ገብተው በጸሎተ ፍትሐት፣ በምጽዋትና በተዝካር ሊያስቧቸው ይችላሉ። ዛሬ በአልጋ ላይ ያለ ወላጅ ወይም ልጅ ያለን ግን በሕይወት ሳለ እንድረስለት።

አምላካችን ለታመሙት ምሕረትን፣ ለሚያስታምሙትም ብርታትን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።