ባይራ፦ የጋሞ ደጋ ያቆየልን ሰው

"የኢትዮጵያ ታሪክ" ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? አክሱም? ላሊበላ? ዓድዋ? ዛሬ ግን ብዙም ወደማይወራለት ታሪክ ልውሰዳችሁ።

አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ቀና ስትሉ የጋሞ ተራሮች ይታያሉ። ኩልፎ የሚነሳው ከዚያ ደጋ ነው። በዚሁ የጋሞ ደጋ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአካባቢው ሽማግሌዎች ይህን በጦርነት ጊዜ መደበቂያ የነበረ ዋሻ ለአርኪዮሎጂስቶቹ ካትሪንና ጆን አርተር አሳዩአቸው። በዓመቱ ሲቆፈር የአንድ ወንድ አፅም ተገኘ። ዕድሜው ወደ 4,500 ዓመት፤ የጊዛ ፒራሚዶች ዘመን ማለት ነው! ስሙንም "ባይራ" አሉት፤ በጋሞ ቋንቋ "በኩር" እንደማለት።

ዲኤንኤ ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት ይበጣጠሳል። የባይራን ግን የዋሻው ቅዝቃዜና ድርቀት አቆየው። ናሙናው የተወሰደውም ከውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ ካለው ጠጣር አጥንት ነው። በ2015 ውጤቱ "ሳይንስ" መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ ባይራ ሙሉ ጂኖሙ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ሆነ። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች በጣም የሚቀርበው ለአሪ ሕዝብ ነው።

እኔን እንደ ኢንጂነር የገረመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ጥናቱ ከባይራ ዘመን በኋላ ከምዕራብ ዩሬዥያ ወደ አፍሪካ የተመለሱ ሰዎች አሻራቸውን በመላው አህጉር ትተዋል ብሎ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ዳታውን እንደገና ሲያሰሉት ይህ አልመጣላቸውም። ለካ የአንዱን ሶፍትዌር ውጤት ለሌላው እንዲስማማ የሚቀይረው አጭር ፕሮግራም ሳይሠራ ታልፏል! በዚህም ባይራ ከማመሳከሪያው ጂኖም ጋር የሚመሳሰልባቸው ቦታዎች እንደ ባዶ ተቆጠሩ። አጥኚዎቹ ስህተታቸውን አምነው በ2016 መጀመሪያ አረሙት፤ የምሥራቅ አፍሪካው ግኝት ጸና፣ "መላው አፍሪካ" የሚለው ቀረ።

አስቡት፤ አንዲት የተዘለለች ትእዛዝ የአንድን አህጉር የዘር ታሪክ ለወራት አጣማ አቆየች። የተቃናውም ዳታው ለሌሎች ክፍት ስለነበረ ነው።

እስቲ እናንተም በየሰፈራችሁ ያሉትን አዛውንቶች ጠይቁ። "ያ ዋሻ፣ ያ ጉብታ ታሪኩ ምንድን ነው?" በሉና የነገሯችሁን ከነቦታው ጻፉት። መቆፈር ግን የለም! አፈሩ አንዴ ከተረበሸ ዕድሜውን ማወቅ ያስቸግራል። የሞታም ታሪክ የተጀመረው በአካፋ ሳይሆን ሽማግሌዎች በሚያውቁት ነገር ነው።