የወገብ ማደንዘዣና መዘዙ

«የአከርካሪ ሰመመን የጎንዮሽ ጉዳትን መከላከል።» እንዲህ ያለ ሐረግ ለእናቶች ተብለው በሚተረጎሙ የጤና ጽሑፎች ላይ እየተለመደ መጥቷል። አምስት ቃል ነው፤ ከአምስቱ ያለ ነቀፋ የሚያልፈው «መከላከል» ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ በኦፕራሲዮን የምትወልድን እናት ወይ ያስፈሯታል ወይ ያሳስቷታል።

ነገሩን አንባቢ በግማሽም ቢሆን ያውቀዋል፤ በራሱ ቤት ወይም በጎረቤት ደርሷል። ሐኪሞች «ስፓይናል» ይሉታል፣ ወላዶቹ ደግሞ «የጀርባ መርፌ»። አንድ ጊዜ ከታችኛው ጀርባ ይወጋል፣ በደቂቃዎች ውስጥ እግር ይከብዳል፣ ሆድ ሲከፈት ሕመሙ አይሰማም።

ከ«ሰመመን» ልጀምር፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነው። ሰመመን በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለ ሁኔታ ነው። «በሰመመን ሰማሁት» ያለ ሰው በደንብ አልሰማም። ሙሉ በሙሉ ለሚያስተኛው መድኃኒት ቃሉ ይስማማ ይሆናል። በስፓይናል የምትወልድ እናት ግን ነቅታ ነው የምትወልደው። ስሟን ሲጠሯት ትመልሳለች፣ የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ በጆሮዋ ትሰማለች፣ ሕመም ባይኖርም መሳቡና መጫኑ ይሰማታል። ሰመመን ይሰጥሻል ተብላ የገባች ሴት የመቀስ ድምፅ ስትሰማ «መርፌው አልያዘኝም!» ብላ ብትጮህ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የተነገራት ቃል እንቅልፍ ነበር።

«ማደንዘዣ» ይሻላል። ተጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ሲነሣ «እግሬ ደነዘዘ» ይላል፤ ራሱ ነቅቷል፣ የደነዘዘው እግሩ ነው። መርፌው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ከዚያው ቤት «ደነዘ» አለ፤ ቢላዋ ይደንዛል፣ ስለቱ ይጠፋል እንጂ ቢላዋነቱ አይጠፋም። ቃሉ «ደንዛዛ» የሚለውን ስድብ ያስታውሳል የሚሉ አሉ። ስድቡ ለሰው እንጂ ለእግር አይደለም። በምትኩ «ማፍዘዣ» የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ ጆሮ ወዲያው «አፍዝ አደንግዝ»ን ያስባል፣ ወላድን ደግሞ ድግምት በሚያስታውስ ቃል ማስተናገድ አይገባም።

አሁን ወደ ቦታው። «አከርካሪ» አጥንት ነው። በንግግራችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመሰበር ጋር ነው፦ «አከርካሪውን ሰበሩት» እንላለን። ይህን ቃል ከመርፌ ጋር አጣምሮ በምጥ ለተያዘች ሴት መንገር መሄድ ላልችል ነው የሚለውን ፍርሃት መጋበዝ ነው። ደግሞም አጥንቱ አይደነዝዝም፤ መርፌው በሁለት አጥንት መካከል ያልፋል።

ሊቃውንት ነን የሚሉት «የሐብለ ሰረሰር ማደንዘዣ» ይላሉ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ያስለመዱት ስም ነው፣ ውበትም አለው፤ ሐብል በግዕዝ ገመድ ነው፣ በአማርኛ ለአንገት ጌጥ ቀርቷል። ነገር ግን በአዋቂ ሰው ሐብለ ሰረሰሩ የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ወይም ከዚያ በታች ነው። ዝቅ የሚባለውም ገመዱን ላለመንካት ነው። መድኃኒቱ የሚፈስሰው የነርቭ ሥሮቹ ወደሚንሳፈፉበት ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ይህ ስም ባለሙያው አጥብቆ የሚሸሸውን ነገር ለመርፌው መጠሪያ አድርጎታል።

ባለሙያውን ሲሠራ ያየ ሰው ትክክለኛውን ቃል ከእጁ ያገኘዋል። እናቲቱ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትራስ ታቅፋለች፣ አገጯን ደረቷ ላይ ደፍታ ጀርባዋን ታጎብጣለች። እሱ ሁለት እጁን በዳሌዋ ግራና ቀኝ አሳርፎ በአውራ ጣቶቹ መሐሉን ይዳብሳል። የዳሌ አጥንቶቹን ጫፍ የሚያገናኘው መስመር በአራተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያልፋልና ቦታውን የሚለየው በዚያ ነው። የሚዳብሰው ወገቧን ነው። ወገብ ደግሞ የወላድ ቃል ነው፤ ምጥ ሲጀምራት መጀመሪያ የምትለው «ወገቤን!» ነው። «የወገብ ማደንዘዣ» ስንላት የራሷን ቃል መልሰን ሰጠናት ማለት ነው። «ከወገብ በታች ማደንዘዣ» የሚለው ግን ያሳስታል፤ ለኦፕራሲዮን መደንዘዙ እስከ ደረት ድረስ መውጣት አለበት። ከወገብ በታች ብቻ የተባለች እናት ደረቷ ሲከብዳት ትንፋሼ ሊቆም ነው ብላ ትደነግጣለች። «ወገብ» የሚወጋበትን ቦታ ይናገራል፣ የማይፈጽመውን ቃል አይገባም።

«የጎንዮሽ ጉዳት» ደግሞ ሥር ስለሰደደ የማይነቀል ይመስላል። «ሁለትዮሽ»ና «ሦስትዮሽ» በሰፉበት ልክ የተሰፋ ቃል ነው፣ አማርኛነቱ ግን ቅርፁ ብቻ ነው። ለእኛ ጎን የሰውነት ክፍል ነው፤ «ጎኔን ወጋኝ» እንላለን። የጎንዮሽ ጉዳት አለው የተባለች ሴት ጎኔን ሊያመኝ ነው ብትል በቋንቋዋ ሕግ ትክክል ነች። ይባስ ብሎ በዚህ ሕክምና ጎን መድኃኒት ነው፤ እናቲቱን ወደ ግራ ጎኗ ጋደል ማድረግ ከመከላከያዎቹ አንዱ ነው። «ጉዳት»ም ቢሆን ይበዛል። ማንቀጥቀጥና ማሳከክ ያስቸግራሉ እንጂ ጉዳት አይባሉም። «ተጓዳኝ» የሚሉም አሉ፤ እሱ ግን «ተጓዳኝ ሕመም» በሚለው ሌላ ሥራ ይዟል።

እኔ የምመርጠው «መዘዝ»ን ነው። መዘዘ ሰይፍን ከአፎቱ፣ ክርን ከሸማው ሳበ ማለት ነው፤ አንዱ ሲሳብ ተከትሎ የሚወጣው መዘዝ ነው። የቁጣ ቃል ነው፣ ያስፈራል የሚሉኝ ይኖራሉ። ቃሉ ግን የክፋቱን መጠን አይወስንም፤ ቀላል መዘዝም ከባድ መዘዝም አለ። ተሳቢ መሆኑን መናገሩ ይበቃል።

የዚህ መርፌ መዘዝ ከመርፌው ጋር እኩያ ነው። ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት አልፎ፣ በነሐሴ 1890 ዓ.ም.፣ ጀርመናዊው አውጉስት ቢር በኪል ከተማ ዘዴውን በሕመምተኛ ላይ ከሞከረ በኋላ በራሱም ላይ እንዲሠራ አስደረገ። በማግስቱም ቀና ሲል የሚብስ፣ ሲተኛ የሚተው ራስ ምታት ይዞት ለቀናት አስተኛው። ዛሬም ከመርፌው በኋላ የሚመጣው ራስ ምታት መለያው ይኸው ነው። መከላከያው ቀጭን፣ ጫፉም እንደ እርሳስ የሾለ መርፌ ነው፤ የፈሳሹን ሽፋን ከመቁረጥ ይልቅ ገለጥ አድርጎ ያልፋል። «ቀንና ሌሊት ትራስ ሳትንተራሺ በጀርባሽ ተኚ» የሚለው ምክር ግን እንደማይከላከል በጥናት ታይቷል። ራስ ምታቱ ከትኩሳት፣ ከአንገት መገተር፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከማንዘፍዘፍ ጋር ከመጣ ሌላ ከባድ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መመለስ ነው።

ዋናው መዘዝ የደም ግፊት መውረድ ነው። እዚህም ቃል ያደናቅፋል፤ በሰፈር «ደም ግፊት አለባት» ማለት ከፍ ብሏል ማለት ነውና «መውረድ» የሚለው መዋጥ የለበትም። መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ወጥረው የሚይዙትን ነርቮችም ያደነዝዛል፣ ደም ወደ እግር ይወርዳል። በጀርባዋ ስትተኛ የከበደው ማሕፀን ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫናል። ያኔ ያጥወለውላታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ዓይኗን ጭልም ያደርጋታል። ማጥወልወል እስኪያልፍ ታግሦ የሚተው ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የግፊቱ መውረድ የመጀመሪያ ምልክት ነው፣ ሕፃኑም ደም ያጥረዋል። ስለዚህ ከመርፌው ጋር አብሮ ግሉኮስ ሳይሆን የጨው ፈሳሽ በፍጥነት ይሰጣል፣ በቀኝ ዳሌዋ ሥር ድጋፍ ይደረጋል፣ ግፊቷ በየ1 ወይም በየ2 ደቂቃው ይለካል፣ እግር ጠቅልሎ ማሰርም ይረዳል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው የባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ስምምነት ግፊትን ከሚያነሡ መድኃኒቶች ፌኒልኤፍሪንን ያስቀድማል፤ የላይኛው ግፊት ከመርፌው በፊት ከነበረው ከ90 በመቶ በታች እንዳይወርድ መጣርንም ይመክራል። እሱ በማይገኝበት ኤፌድሪን አለ።

ይህን ሁሉ የምለው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለችውን እናት እያሰብሁ ነው፤ ነፋስ መውጫ ወይም ደብረ ታቦር ደርሳ፣ ምጡ ባስጨነቃት ሰዓት እንድትፈርም ወረቀት የሚቀርብላትን። አገሯ የዜማ ምስክር ቤቱ ቤተ ልሔም ያለበት አገር ነው። ድጓን ሌላ ቦታ የተማረ ሁሉ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕቱን ደግሞ ዙር አባ ላይ። ከንባቡ በላይ የተጻፈች አንዲት ምልክት ስትዘነጋ ዜማው ይፈርሳል ተብሎ ተማሪው ዓመታት በሚቀመጥበት ምድር፣ ለሕይወትና ለሞት በሚያገለግል ወረቀት ላይ ግን እንደመጣ የተተረጎመ ቃል ይቀመጣል። አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። ማጥወልወል፣ መደንዘዝ፣ ጭልም ማለት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ እነዚህን የመሰለ የሕመም ዝርዝር ያለው ቋንቋ የሚጠይቀው እንዲጠቀሙበት ብቻ ነው። ባለሙያዎች እርስ በርሳቸው «ስፓይናል» ቢሉ አልከፋም፤ ወረቀቱ ላይ ግን እንዲህ ቢጻፍ እወዳለሁ፦

«የወገብ ማደንዘዣ ይሰጥዎታል። አይተኙም፤ ሲነኩዎት ይሰማዎታል፣ ሕመሙ ግን አይሰማዎትም። እግርዎ ይከብዳል፣ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል። መዘዝ ሊኖረው ይችላል፦ ግፊት ሊወርድ፣ ሊያጥወለውልዎት፣ ሊያንቀጠቅጥዎት፣ ከቀናት በኋላም ቀና ሲሉ ራስዎን ሊያምዎት ይችላል። ካጥወለወለዎት ወይም መተንፈስ ከከበደዎት ወዲያው ይንገሩን።»